አሸዋው ከየት ይምጣ?

ከጁባ ከተማ በስተምዕራብ ጀበል ኩጁር የሚባል ድንጋያማ ተራራ አለ። «ጀበል» በዐረብኛ ተራራ ማለት ነው፤ «ኩጁር» ደግሞ በዚያ አገር ሰዎች አነጋገር የመናፍስትን ነገር ያውቃል የሚባለው ባህላዊ መድኃኒተኛ ነው። እኛ ተከራይተን የምንኖርበት ቤት ከዚሁ ተራራ ግርጌ ይገኛል። ማለዳ የሚቀሰቅሰን የመዶሻ ድምፅ ነው። እናቶች ከነልጆቻቸው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ድንጋዩን እየሰበሩ ጠጠር ያደርጉታል፤ ጠጠሩም በየመንገዱ ዳር ተከምሮ ለግንበኞች ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 የሰላሙ ስምምነት ተፈርሞ ከተማይቱ መስፋት ከጀመረች ወዲህ የብዙ ቤቶች መሠረት ከዚህ ተራራ ወጥቷል።

እንዲህ ባለ ስፍራ የባሕር ዓሣ በቤታችን ለማኖር መነሣታችንን የሰሙ ወዳጆቻችን ሳይስቁ አልቀሩም። ለመሳቅም ምክንያት ነበራቸው። ከሞምባሳ ወደብ የተነሣ ጭነት በናይሮቢና በካምፓላ አልፎ ጁባ እስኪደርስ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ በከተማይቱ አጠገብ የሚያልፈው ነጭ ዓባይ ምንም ሰፊ ቢሆን ጨው የለበትም። በቦቴ ውኃ እያመላለሰ የሚተዳደር አንድ የአገራችን ሰው፣ «ለሰው የሚጠጣ ውኃ ባልተዳረሰበት ከተማ ለዓሣ ባሕር ትሠራላችሁን?» ብሎናል። ነገሩ ቀልድ ቢሆንም ለጥቂት ቀን ሲከነክነን ሰነበተ።

ሆኖም ምክንያታችን ከጌጥ ያለፈ ነበር። ባለቤታችን የተወለደችው አሰብ ነው። አባቷ በወደቡ ላይ ሠራተኛ ነበሩ፤ ሞተው የተቀበሩትም እዚያው ነው። በግንቦት ወር 1990 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ሲነሣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከአሰብ ወጡ። አማታችንም ልጆቻቸውን ይዘው ከወጡት መካከል ናቸው። በእጃቸው የያዙት አንድ ሻንጣ ልብስ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ፎቶግራፍና የዱቄት ወተት በነበረበት ቆርቆሮ የተሞላ የባሕር ዳር አሸዋ ነበር። ወደ ባላቸው መቃብር ለመሄድ ጊዜ ስላላገኙ፣ ከሠፈራቸው በታች ካለው የባሕር ዳር ዘግነው መሙላታቸውን ነግረውናል። ያ ቆርቆሮ ከአሰብ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባም ጁባ ደርሶ ዛሬ ከአማታችን አልጋ ራስጌ ተቀምጧል።

ልጃችን ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አያቱ ስለ አሰብ ሲያወሩለት አድጓል። በዚያም ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን፣ አንድ አባት ክላውን ዓሣ የጠፋበትን ልጁን ባሕር ለባሕር የሚፈልግበትን ፊልም ስንት ጊዜ እንዳየ ቍጥሩን እርሱም አያውቀው። አንድ ቀን ማታ እራት ላይ፣ «የአያቴን ባሕር ለምን እዚህ አናመጣላትም?» አለ። አማታችን ሳቁ፤ ከሳቁ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ያን ጊዜ ነገሩ ተቈረጠ።

የመስተዋቱን ገንዳ ርዝመቱን 100፣ ወርዱን 40፣ ቁመቱን 50 ሳንቲ ሜትር አድርገን አሠራነው። ስለ ማጣሪያው፣ ስለ ፓምፑና መብራት ሲጠፋ ስለሚተካው ባትሪ ብንዘረዝር አንባቢን ማሰልቸት ይሆናል። ስለ ጨዉ ግን አንድ ቃል እንበል። የወጥ ጨው ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ በባሕር ውኃ ውስጥ ከወጥ ጨው ሌላ ማግኒዝየም፣ ካልሲየም፣ ሰልፌትና ሌላም ብዙ ነገር ስላለ፣ ይህን ሁሉ አሟልቶ ለባሕር ዓሣ የተሰናዳ ጨው ተገዝቶ በተጣራ ውኃ ይበጠበጣል። መጠኑ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ነው፤ የዓለም ውቅያኖሶች መካከለኛ ልክ ይኸው ነውና። ቀይ ባሕር ግን ፀሐዩ ብዙ፣ የሚገባበትም ወንዝ ጥቂት በመሆኑ ወደ 40 ግራም ይደርሳል። በዚህ ሁሉ ተጠንቅቀናል። ስሕተታችን በአሸዋው ላይ ሆነ።

አማርኛ በመማር ላይ ያሉ አንባብያን እዚህ ላይ ሦስት ቃላት ቢለዩ ይጠቅማቸዋል። በጣት ተለቅሞ የሚያዝ ትንሽ ድንጋይ «ጠጠር» ይባላል፤ በጣቶች መካከል የሚያመልጠው ግን ሲታሽ ቅንጣቱ የሚሰማው «አሸዋ» ነው፤ ውኃ ተሸክሞት መጥቶ ሲሰክን የሚቀረው፣ ሲታሽ እንደ ዱቄት የሚልመው ደግሞ «ደለል» ነው። እኛ አማርኛ አፋችንን የፈታንበት ሰዎች ሆነን ሳለ ሦስቱን በአንድ ገንዳ ቀላቀልናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሸዋ ያው አሸዋ ነው ብለን፣ ከወንዙ ዳር ወጥቶ ለግንባታ ከሚሸጠው ሦስት ባልዲ፣ ከተራራው ሥር ደግሞ ከመዶሻው የሚራገፈውን ደቃቅ ድንጋይ ሁለት ባልዲ ገዛን። ከሻጮቹ አንዳቸውም ለዓሣ ይሆናል አላሉንም፤ ጥፋቱ የራሳችን ነው። ሁለት ጊዜ ብቻ ለቅለቅ አድርገን ከገንዳው ገለበጥነው። ከፍታው 12 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ፍራሽ በወፈረ ቍጥር ይመቻል ብለን ሳናስብ አልቀረንም።

ሁለት ክላውን ዓሦችና አንድ ጎቢ ኦክሲጅን በተሞላ የፕላስቲክ ከረጢት ሆነው፣ በአንድ ዘመዳችን እጅ ከናይሮቢ በአውሮፕላን መጡ። ክላውን ዓሣ አኔሞን በሚባለው ክንደ ብዙ የባሕር ፍጥረት ውስጥ የሚያድር ስለሆነ ከአሸዋ ጋር ብዙ ጉዳይ የለውም። ያመጣነው የጎቢ ዓይነት ግን ኑሮው ሁሉ አሸዋ ነው፤ በአፉ ሞልቶ ይዘግናል፣ የሚበላውን ለይቶ ያስቀራል፣ የቀረውን በስንጥቡ በኩል እንደ ወንፊት ያፈስሳል። በሦስተኛው ሳምንት አፉ ቆስሎ አየነው። በመዶሻ የተሰበረ ድንጋይ ጠርዙ ስለት ነው። ወንዝና ማዕበል ለብዙ ዘመን እያንከባለሉ የሚያለዝቡትን፣ መዶሻ በአንድ ምት አያለዝበውም። ድንጋይ የሚሰብሩት ጎረቤቶቻችን ጣቶቻቸውን በጨርቅ ሲጠመጥሙ በየቀኑ እያየን፣ ከዚያ ድንጋይ የሚወጣው ብናኝ ለዓሣ አፍ ምን እንደሚሆን ማሰብ ይገባን ነበር። ጎቢው መብል ተወ፤ ከዚያም ሞተ።

በስድስተኛው ሳምንት የባሰው መጣ። ልጃችን ከገንዳው አጠገብ ሲጫወት ብዩ ውኃው ውስጥ ወደቀበት፤ ከአሸዋውም ሥር ጠፋ። በእንጨት ማንኪያ እስከ ታች ቆፈረው። ከሥር እንደ ጥላሸት የጠቈረ ጭቃ ወጣ፤ አረፋ ተንተከተከ፤ ቤቱ ሁሉ የገማ እንቁላል ሸተተ። በማግሥቱ ጠዋት ሁለቱ ክላውን ዓሦች በጎናቸው ተንሳፈው ተገኙ። ልጃችን አላለቀሰም። ትምህርት ቤት ውሎ ሲመለስ ከአልጋው አንሶላ አንሥቶ ገንዳውን ሸፈነው። ሌሊት ለአያቱ ብቻ፣ «የገደልኳቸው እኔ ነኝ» ብሎ መናገሩን የሰማነው በሦስተኛው ቀን ነው።

ለልጅ «አንተ አይደለህም» ማለት ለወላጅ ቀላል ነው። ልጁን ማሳመን ግን በቃል ብቻ አይሆንም፤ ይልቁንም የኛ ልጅ የማባበልን ቃል ከእውነተኛው የሚለይ ዐይነት ነው። ስለዚህ እኛ ራሳችን ከመጽሐፍ ለመማር ተቀመጥን፤ የተረዳነውንም እንዲህ አድርገን አሳየነው። ሁለት የማርመላታ ብርጭቆ አመጣን። በአንደኛው ከአሮጌው አሸዋ ከነደለሉ፣ በሁለተኛው በሚገባ የታጠበና ሸካራ አሸዋ ጨመርን፤ የመጀመሪያውን ወፈር፣ ሁለተኛውን ሳሳ አድርገን። በሁለቱም ላይ የጨው ውኃ ሞልተን፣ ጥቂት የዓሣ መብል በአሸዋው ውስጥ ቀበርን። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በመጀመሪያው ብርጭቆ ሥር ጥቁር መስመር ታየ፤ በሁለተኛው የለም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ደለል የአሸዋውን ቀዳዳ ስለሚደፍነው ኦክሲጅን ያለበት ውኃ ወደ ታች አይደርስም። የተረፈ መብልና የዓሣ ኵስ እዚያ ሲበሰብስ፣ ያለ ኦክሲጅን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይሠለጥኑበታል። በባሕር ውኃ ውስጥ ሰልፌት እንደ ልብ ስላለ፣ እነዚህ ባክቴሪያዎች እርሱን ለውጠው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለውን መርዝ ያበጃሉ። የገማ እንቁላል ሽታ የዚሁ መርዝ ነው። ሳይነኩት ቢቀመጥ ባለበት ታፍኖ ይቈያል፤ በድንገት ሲማስ ግን ወደ ውኃው ይወጣል። እንግዲህ ማንኪያውን ያስገባው ልጁ ነው፤ መርዙን ከሥር ያከማቸው ግን የአባትዬው አሸዋ ነው። ይህን በዚሁ ቃል ነገርነው። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥቶ ጥቁሩን መስመር ለረጅም ጊዜ ተመለከተና፣ «እንግዲያው ብዬ ባይወድቅም አንድ ቀን ይሞቱ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ገንዳውን ለማጠብ በተነሣን በማንኛውም ቀን ይህ ሊደርስ ይችል እንደ ነበር መለስንለት። አንሶላው በዚያ ማታ ወደ አልጋው ተመለሰ።

ከዚህ በኋላ የአሸዋው ጉዳይ የቤቱ ሁሉ ትምህርት ሆነ። በሐሩር ባሕሮች ዳር የሚታየው ነጭ አሸዋ ከተራራ የወረደ ድንጋይ እንዳልሆነ ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። አብዛኛው የኮራል፣ የዛጎልና የኖራ አካል ያላቸው የባሕር ዕፀዋት ስብርባሪ ነው። ምንቃሩ በቀቀንን የሚመስል አንድ ዓሣ አለ፤ በኮራል ላይ የበቀለውን ለመብላት ሲፋቅ ድንጋዩንም አብሮ ይፈጨዋል፣ የማይረባውንም ነጭ አሸዋ አድርጎ በኋላው ይጥለዋል። ከነዚህ ዓሦች ትልልቁ በዓመት በመቶ የሚቈጠር ኪሎ አሸዋ ያወጣል። ሰው በባሕር ዳር ተጋድሞ የሚዝናናበት ነጭ አሸዋ ምን እንደ ሆነ ልጃችን ሲሰማ፣ ከዚያች ክፉ ጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ። አማታችን ግን ገና ማዕድ አልተነሣም ብለው ሁላችንንም ተቈጡን።

ይህ አሸዋ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ አራጎናይት የሚባለው ዓይነት በብዛት አለበት። የባሕር ውኃ ፒኤች ከ8.1 እስከ 8.4 ባለው መካከል ሲሆን ለዓሣው ይስማማዋል። ሻጮች አራጎናይት ውኃውን ከመኮምጠጥ ይጠብቃል እያሉ ያሞግሱታል። ነገሩ ሐሰት ባይሆንም የተጋነነ ነው። ውኃው በሚገባ ሳይኮመጥጥ አራጎናይት እምብዛም አይሟሟምና፣ ጥበቃው ጥቂት ነው፤ ውኃውን በየጊዜው በከፊል ከመለወጥ የሚገላግል አሸዋ የለም። በሌላው ወገን ደግሞ የወንዝ አሸዋ ሲሊካ ስለሆነ ገንዳውን ቡናማ አልጌ ያለብሰዋል የሚል ፍርሃት አለ። የሲሊካው አሸዋ ኳርትዝ ከሆነ በውኃ ውስጥ የሚሟሟው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ይህም ከልክ ያለፈ ፍርሃት ነው። የኛ የነጭ ዓባይ አሸዋ በደለሉና ምን እንደ ነካው ባለመታወቁ ነው እንጂ፣ በኳርትዝነቱ ብቻ አልተወቀሰም። ሲሚንቶ በተራገፈበት መኪና የተጫነ፣ ሳሙና ወይም ዘይት የፈሰሰበት አሸዋ ግን ምንም ቢታጠብ አይታመንም።

ቅንጣቱ ምን ያህል ይሁን? ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር፣ ጠርዙ የተለዘበ ቢሆን ለብዙው ዓሣ ይሆናል፤ እንደ ጎቢ አሸዋ ለሚዘግነው ደግሞ ከዚያ ያነሰው ይሻለዋል። እንደ ዱቄት የላመው በፓምፑ ነፋስ እየተነሣ ውኃውን ያደፈርሳል፤ እንደ ሽምብራ የተለቀው ደግሞ በመካከሉ የመብል ትራፊ እየዋጠ ያስቀራል። ከፍታውን ወደ አራት ሳንቲ ሜትር አወረድነው። አሥር ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ አንጥፈው፣ ሥሩ ያለ ኦክሲጅን ናይትሬትን እንዲያጠፋ የሚያደርጉ የሠለጠኑ ሰዎች አሉ፤ የሚቆፍሩትን ትላትልና ቀንድ አውጣዎች ጨምረው ለዓመታት በትዕግሥት ይጠብቁታል። እኛ ግን ብይ የሚጫወት ልጅ በቤታችን አለን።

ይህን ስንማከር አማታችን ከአልጋቸው ራስጌ ቆርቆሮውን አምጥተው ከጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ልጄ፣ ከዚያው ከባሕሩ የመጣ ነው» አሉን። «ከዚህ የሚሻል ከየት ይገኛል? ሲሠሩት ሳይ ያንስ እንደሆን እንጂ ይጠላል አላልኩም።»

ባለቤታችን ቀና ብላ ወደኛ አየች። ምን መመለስ ይቻላል? ይህ አሸዋ ከሃያ ዓመት በላይ የተጠበቀ የመቃብር ምትክ ነው። እምቢ ማለት ማዋረድ ይመስላል። እሺ ማለት ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ሳንመረምር ማንጠፍ ይሆናል፤ ዓሦቹ ቢሞቱ ደግሞ ልጃችን በአያቱ አሸዋ ሞቱ ይላል፤ አማታችንም ያንኑ ይላሉ። በውስጣችን ያለውን ስለ ሸሸግን ለሁለት ቀን ቆርቆሮውን ማንም ሳይነካው ከጠረጴዛው ላይ ሰነበተ። ቡና ሲፈላ ወደ ዳር እየገፋነው፣ ከቡናው በኋላ ወደ መካከል እየመለስነው ማለት ነው።

ዝምታውን የሰበረው ልጃችን ነው። ገንዳውን የሚያውቅ ሰው ሆኗልና፣ «አያቴ፣ መጀመሪያ እንፈትነው፤ ያንቺን ብቻ ሳይሆን የሁሉንም» አላቸው። እኛ በሁለት ቀን ያላገኘነውን ቃል በአንድ ትንፋሽ አገኘው። አማታችንም ነጠላቸውን አስተካክለው ወንበር ሳቡ።

ሦስት ሳሕን ደረደርን፤ በአንደኛው የወንዙ አሸዋ፣ በሁለተኛው የተራራው ብናኝ፣ በሦስተኛው ከቆርቆሮው አንድ ማንኪያ። በመጀመሪያ በየአንዳንዱ ላይ አቼቶ አንጠበጠብን። የወንዙና የተራራው ዝም አሉ። የአሰቡ አሸዋ ግን እንደ ለስላሳ መጠጥ ተንጫጫ፤ ኮራሉና ዛጎሉ ኖራ ስለሆነ ከኮምጣጤው ጋር ተገናኝቶ አየር መስጠቱ ነው። አማታችን ደስ አላቸው፤ «ሰማችሁት? እስካሁን ሕይወት አለው» አሉ። እኛም ደስታቸውን ለማፍረስ አልቸኰልንም። ነገር ግን ይህ ፈተና የሚናገረው አሸዋው ኖራ መሆኑን ብቻ ነው፤ ንጹሕ መሆኑን አይናገርም።

በሁለተኛው ፈተና ማግኔት በቀጭን ፌስታል ጠቅልለን፣ ለአማታችን ሰጠናቸው። በአሰቡ አሸዋ ላይ ሲያንሸራሽሩት ጥቃቅን ጥቁር ቅንጣቶች ዘለው ተጣበቁበት፤ እንደ ጢም ቆሙ። የአሰብ ምድር የእሳተ ገሞራ ምድር ነውና ከነጩ ኮራል ጋር ጥቁሩ የእሳት ድንጋይ ደቅቆ ተቀላቅሏል፤ በዚያም ውስጥ ማግኔት የሚስበው የብረት ማዕድን አለ። የብረት ቅንጣት ሁሉ መርዝ ነው ማለታችን አይደለም። ይሁን እንጂ ፓምፑ ውስጥ ያለውን ማግኔት ያበላሻል፤ ከማዕድኑም ጋር ሌላ ምን እንዳለ በቤት ውስጥ ለማወቅ አይቻልም። በተለይ መዳብ ከሆነ ጥቂቱም ለባሕር ሽሪምፕና ለአኔሞን ጠንቅ ነው። አማታችን ቅንጣቶቹን በጣታቸው እየነኩ፣ «እነዚህን አውቃቸዋለሁ» አሉ። «በቀትር በባዶ እግር ሲኬድ የሚያቃጥሉት ጥቋቍሮቹ ነበሩ። ልጆቹ ከነጩ ወደ ነጩ እየዘለሉ ነበር የሚሄዱ።» ባለቤታችን ይህን ስትሰማ እግሯን ከጠረጴዛው ሥር ሰበሰበች። እርሷም ከሚዘልሉት አንዷ ነበረች።

ሦስተኛው ፈተና ከሁሉ የሚረዝመው ነው። ከየአሸዋው አንድ ኩባያ በየባልዲው አድርገን፣ የጨው ውኃ ጨምረን፣ ለሳምንት ካቈየነው በኋላ ውኃውን በመመርመሪያ መሣሪያ አየነው። የአሰቡ አሸዋ የፎስፌት ምልክት አሳየ፤ በውኃው ገጽም ላይ ስስ የሆነ፣ ቀስተ ደመና የመሰለ የዘይት ዐይን ተንሳፈፈ። ከምን እንደ መጣ መናገር አንችልም። ከወተቱ ቆርቆሮም ሊሆን ይችላል። አማታችን ግን የሚያውቁትን ተናገሩ፤ በአሰብ ከእ.ኤ.አ. 1967 ጀምሮ የሚሠራ የነዳጅ ማጣሪያ ነበር፤ መርከቦችም ሌትና ቀን ይገቡና ይወጡ ነበር። «ልብስ ስናጥብ እንኳ ነፋሱ ከወደዚያ ሲመጣ ይሸት ነበር» አሉ። «ወደብ እኮ ነው፤ ወደብ ንጹሕ አይሆንም።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሳንጨምር እንጽፈዋለን። አማታችን ባልዲውን ራሳቸው አዘነበሉ። ውኃውን ደፍተው፣ አሸዋውን በነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግተው አደረቁት፤ ማግኔቱ የሰበሰባቸውንም ጥቋቍር ቅንጣቶች አራግፈው፣ አንዱንም ሳያስቀሩ፣ ሁሉን ወደ ቆርቆሮው መለሱት። ክዳኑን ገጠሙ። «ይህ ለዓሣ አልመጣም» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አልተነጋገርንም።

አዲሱ አሸዋ፣ አራጎናይቱ፣ ከናይሮቢ በጭነት መኪና በኒሙሌ በኩል መጣ። ወለሉ 100 በ40 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍታው 4 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 16 ሊትር አሸዋ ይፈልጋል፤ አንዱ ሊትር ወደ 1.5 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን 24 ኪሎ ገዛን። በከረጢቱ ላይ የታጠበ ነው ተብሎ ቢጻፍም አላመንነውም። አያትና ልጅ ጓሮ ተቀምጠው፣ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ፣ እናቶች ጤፍ እንደሚያነፍሱ ያለ ትዕግሥት በባልዲ ሲያጥቡት ሁለት ከሰዓት በኋላ ፈጀባቸው። ሳሙና አልነካውም፤ የሳሙና ትራፊ ለዓሣ ስንጥብ ክፉ ነውና። የመጀመሪያው ውኃ እንደ ወተት ነጣ፤ ዐሥረኛው አካባቢ ጠራ። በውኃ እጦት ያላገጠብን ባለ ቦቴው ወዳጃችን ይህን እንዳያይ ተጠንቅቀናል፤ ያጠብንበትንም ውኃ ለጓሮው ጎመን አጠጥተናል።

ዓሣ ለማስገባት አልቸኰልንም። የዓሣ ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች በአሸዋው ቅንጣትና በድንጋዩ ላይ እስኪበዙ ድረስ ሳምንታት ይፈጃል። በመጀመሪያው ገንዳችን ይህን አላደረግንም፤ ያንን ጥፋት በአሸዋው ላይ ብቻ ብንጭነው ሐሰት ይሆናል። አሁን ግን አምስት ሳምንት ባዶ ገንዳ ጠበቅን። ልጃችን የመመርመሪያውን ቀለም በየሦስት ቀኑ ከካርዱ ጋር እያስተያየ በደብተሩ ይጽፍ ነበር። አሞኒያና ናይትራይት ባዶ የሆኑበትን ቀን በቀይ እስክሪብቶ አከበበው።

በነገራችን ላይ ብዩ ተገኝቷል። አሮጌውን አሸዋ ከጓሮው ጥግ ደፍተነው ስለ ነበር፣ ዝናብ ሲያጥበው ብቅ አለ።

ዓሦቹ ከመምጣታቸው በፊት በነበረው ማታ፣ መብራቱ በርቶ፣ ውኃው ጠርቶ፣ አሸዋው ነጭ ሆኖ ሳለ፣ ከተራራው በኩል የመዶሻው ድምፅ ቆሟል። አማታችን ከገንዳው አጠገብ ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ። እጃቸውን ታጥበው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ አንድ ጣታቸውን ከውኃው ነክረው ቀመሱ። ልጃችን ፊታቸውን ያይ ነበር።

«ጨው ያንሰዋል» አሉ።